ከደለል በታች የቀረው ድንጋይ

ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ ኬክ አስቆርሶ፣ የጨንቻ ጋቢ አልብሶ፣ አንድ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሸልሞ ሸኘኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ሰዓት ይከበር» እያሉ ሲጨቀጭቁኝ የኖሩ ሰዎች፣ ሰዓት የማያስፈልገኝ ቀን ሲደርስ ሰዓት ሰጡኝ። ጋቢው ግን ጋቢ ነው፤ ይኼን ስጽፍም ለብሼዋለሁ።

በሽኝቱ ላይ ከአጠገቤ የተቀመጠችው ከደብረ ማርቆስ የመጣች አዲስ ተመራቂ ቀያሽ ነበረች። «እትዬ ማርታ፣ ሳተላይቱ ሳይመጣ በፊት የወንዝ ከፍታ በምን ነበር የምትለኩት?» አለችኝ። «በእግራችን» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን በቅጡ ሳልመልስላት መቅረቴ ቆጨኝ። ይኼን የምጽፈው ለእሷ ነው። በዚያውም ስንት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር አለ፣ እሱም ይውጣልኝ።

የተወለድኩት ገረሴ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አርባ ምንጭ ወርጄ ስታፍ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ስታፍ ማለት ቁጥር የተጻፈበት ረጅም ዘንግ ነው። ቀያሹ ወዲያ ማዶ በሦስት እግር ላይ ባቆመው ሌቭል በሚባል መነጽር እያየ የዘንጉን ቁጥር ያነባል፤ ከቁጥሩ ተነስቶ መሬቱ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ያሰላል። የእኔ ሥራ ዘንጉን ይዞ ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ነበር። አባቴ ሲሰማ «ለመቆም ነው አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩሽ?» አለኝ። ደመወዙ ለጫማ አይበቃም፣ ሥራው ደግሞ ጫማ ይበላል። ቢሆንም ወደድኩት፤ የወደድኩትም በጋሽ ሳጎ ምክንያት ነው።

ጋሽ ሳጎ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ቀያሽ ነበር። የጨንቻ ሰው ነው፣ የሸማኔ ልጅ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ኮት ያለው፣ ያንኑ ኮት ክረምት ከበጋ የሚለብስ። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ስለው ተቆጣ፤ «አንቱ የምትይኝ ስትጣዪኝ ነው፣ እስከዚያ ጋሼ በይኝ» አለ። አብሬው በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ጊዜ አኩርፌዋለሁ፤ አንቱ ያልኩት ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱንም እደርስበታለሁ።

የሥራ ልማዱን ልንገራችሁ። ወንዝ ሊለካ ሲመጣ መጀመሪያ መሣሪያ አያወርድም። ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወንዙን ራሱ ይሻገራል። ከማዶ ተመልሶ ደግሞ የአካባቢውን ትልቅ ሰው ይፈልግና «አምና ውሃው የት ደረሰ?» ይላል። ሰውየው የማንጎ ግንድ ወይም የአጥር እንጨት ላይ በእጁ ያሳየዋል፤ ጋሽ ሳጎ ያንን ይጽፋል። የሚጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ «ስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይክዳል» ይል ነበር። እያንዳንዱን ቁጥር ራሱ አንብቦ ሲያበቃ ደብተሩን ይከድንና መነጽሩ ላይ እኔን ያስቀምጠኛል፤ ዘንጉን እሱ ይይዛል። «አንብቢ» ይላል። ያነበብኩት እሱ ከጻፈው ጋር ካልገጠመ ሁለታችንም እንደገና እንጀምራለን። የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር በዚህ የተነሳ «ከጋሽ ሳጎ ጋር ወንዝ ከመውረድ ከሚስቴ ጋር ገበያ መውጣት ይሻለኛል» ይል ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ነበረው። ልኬት የሚጀመረው ከፍታው ከሚታወቅ መነሻ ነው፤ ከዚያ ተነስተህ ወንዙን ሁሉ ለክተህ ስታበቃ ተመልሰህ ያንኑ መነሻ እንደገና ትለካለህ። የጀመርክበት ቁጥር ከመጣ ቀኑን ሙሉ አልተሳሳትክም ማለት ነው። ሌሎች ቀያሾች ሲመሽባቸው ወይም ዝናብ ሲያስቸግራቸው ይኼን ይዘሉታል። ጋሽ ሳጎ አንድም ቀን ዘሎ አያውቅም። «ከቤቱ የወጣ ልኬት ቤቱ ይግባ» ይላል፣ እኔ ደግሞ በዝናብ እየራስኩ በሆዴ እረግመዋለሁ።

አንዴ አርባ ምንጭ አጠገብ ጫኖ ላይ ስታፉን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ማንጎ ስበላ ዘንጉ አጋደለ። ከሩቅ አይቶኛል። መጥቶ ከጎኔ ቆመና ማንጎውን እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስጨርስ መሐረብ ሰጠኝ። «ጣፋጭ ነው?» አለ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። «እንግዲህ የዛሬውን ሁሉ ከመጀመሪያ እንለካለን» አለ። ከዚያ ወዲህ በሥራ ላይ ማንጎ ቀምሼ አላውቅም።

በእሱ ግፊት የማታ ተምሬ ዲፕሎማ ያዝኩ፣ ረዳት ቀያሽ ሆንኩ። ጨንቻ ሁለት ዓመት፣ ገረሴ አንድ ዓመት፣ የቀረውን አርባ ምንጭ ሠራሁ። አለቆችም አየሁ። አንዱ ማኅተም የሚወድ ነበር፤ የሻይ ክበብ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር ማኅተም ያሳርፋል። አንዱ ደግሞ ጌታ ይባርከው፣ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ውስጥ አጭር ጸሎት አድርጎ ሳምንቱን ሙሉ ሰው አይቆጣም ነበር። አሁን የምነግራችሁ ነገር ሲደርስ የነበረው ኃላፊያችን ደግሞ ሦስት ስልክ ይይዛል፤ ሦስቱም ባንድ ላይ ይጮኻሉ። ስሙን አልጽፍም። ወንዙንም በስሙ አልጠራውም፣ የወንዙ ስም የሰው ስም ይጎትታልና። ከጨንቻ ደጋ ወርደው በጫኖ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ ከሚገቡት አንዱ ነው፣ ይበቃል።

ይኼ ወንዝ ክረምት ሲሞላ ሁለት ነገር ያመጣል። ከድልድዩ በላይ ንጹሕ አሸዋ ይጥላል፤ ከድልድዩ በታች፣ መታጠፊያው ጋ፣ ጭቃ ደለል ይከምራል። አሸዋውን ቤት የሚሠራ ሁሉ ይፈልገዋል። ጭቃውን የሚፈልግ የለም፤ ካልተነሳ ግን የወንዙን ሆድ ይሞላውና ውሃው በሚቀጥለው ዝናብ ወጥቶ ሙዙንና ማንጎውን ይሸፍናል። ከጎርፍ በኋላ መንግሥት ለጠረጋ በጀት የሚመድበው ለጭቃው ነው። ለጠራጊው የሚከፈለው ደግሞ በተነሳው መጠን ነው፤ መጠኑን የሚናገረው ቀያሽ ነው።

ጋሽ ሳጎ ለዚህ ብሎ ከብዙ ዓመት በፊት መታጠፊያው ዳር ላይ አንድ መነሻ ድንጋይ አስተክሎ ነበር። በሲሚንቶ አላሰራውም፣ ዘበኛም አላቆመበትም። ሦስት ሽማግሌዎች ጠርቶ ልክ እንደ መሬት ወሰን አስተከለው፤ እርጥብ ሣር ከሥሩ አስቀመጡ፣ መረቁት። በጋሞ ወሰን መንካት ጎሜ ነው፤ ጎሜ የነካ ሰው በቤቱ፣ በከብቱ፣ በልጁ መዓት ይደርስበታል ተብሎ ይፈራል። ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ጦና ነበሩ፤ እርሻቸው መታጠፊያው አጠገብ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ድንጋዩን የነካ ሰው አልነበረም። ከብት እንኳ ሲጠጋ ሕፃናቱ ያባርሩ ነበር።

ጋሽ ሳጎ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ትልቅ ጎርፍ መጣ። ውሃው ከሸሸ በኋላ ስካቫተርና ገልባጭ መኪኖች ገቡ። ከጎርፉ በፊት የነበረውን የወንዙን ወለል ከፍታ ከቀድሞ ደብተራችን ይዘናል፤ ሥራው ሲያልቅ እኔ ለክቼ ደለሉ እስከዚያ ድረስ መነሳቱን ላረጋግጥ ነው። በየቀኑ ገልባጮቹ ከድልድዩ በላይ እየጫኑ ወደ ከተማ ሲወጡ ይታያሉ። ሰው ማውራት ጀመረ። «የጠረጋው ገንዘብ ለጭቃው፣ አሸዋው ለባለሥልጣን» ይባላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያሉ የሚስቁም ነበሩ። እኔ ጆሮዬን ደፈንኩ። ቀያሽ ነኝ፣ ወሬ አልለካም አልኩ፣ በዚህም ኮራሁ።

የልኬቱ ቀን ኃላፊው ራሱ በመኪናው ይዞኝ ወረደ። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ድንጋዩ የለም። ቦታው ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ ደለል ተከምሯል።

ኃላፊው «ጎርፍ ወስዶታል» አለኝና ወደ ድልድዩ መራኝ። የድልድዩ ግንብ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። «ከፍታውን ወደዚህ አዛውረነዋል። ከዚህ ለኪ።»

ቀለሙን በጣቴ ነካሁት። ጣቴ ቀላ። ገና አልደረቀም ነበር።

ወደ መታጠፊያው ተመልሼ አቶ ጦናን ጠየቅኋቸው፤ በእርሻቸው ዳር ቆመው ያዩናል። «አባባ፣ ድንጋዩን ጎርፍ ወሰደው እንዴ?»

«ማን አለ?» አሉ። «ድንጋይ በቦታው አለ። ደለል ተኛበት እንጂ የትም አልሄደም።»

«እንቆፍርና እንየዋ።»

«እኔ ብቻዬን አልነካውም። ሦስት ሆነን ነው የተከልነው። አንዱ ሞቷል፣ ልጁ ጨንቻ ነው ያለው። ዛሬ ልላክበት፣ ነገ ይወርዳል። ሣር እንይዛለን፣ እንከፍታለን፣ አንቺ ትለኪያለሽ። አንድ ቀን ጠብቂ ልጄ።»

ኃላፊው ከመኪናው ሆኖ ሰማ። «ለድንጋይ ጉባኤ ይጠራል እንዴ? ሪፖርቱ ዛሬ ይፈለጋል!» አለ። አንዱ ስልኩ ጮኸ።

እውነቱን ልናገር። ኃላፊውን ፈርቼው አይደለም፤ ያ ሰው አያስፈራም ነበር። ደክሞኝ ነበር። ሰማዩ ከብዷል፣ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ አለብኝ። ከዚያም በላይ፣ እያፈርኩ ልንገራችሁ፣ አቶ ጦና የሚሉት የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። የተማርኩ ሆኜ ተሰማኝ። የገረሴ ልጅ፣ ጎሜ ምን እንደሆነ ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ፣ ዲፕሎማ ይዤ በሽማግሌ ቃል ሳቅሁ። ከቀዩ ቀለም ተነስቼ ለካሁ። ወደ መነሻው ተመልሼ አልዘጋሁም፤ ልመለስበት የሚገባው መነሻ ደለል ሥር ነበር። ቅጹን ሞልቼ መኪናው ውስጥ ፈረምኩ።

በቅጹ መሠረት መታጠፊያው በደንብ ተጠርጓል። ቀለሙ የተቀባው ከድንጋዩ እውነተኛ ከፍታ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ቁጥሩ የድንጋዩ ሆኖ መነሻው ከፍ ሲል ከእሱ የሚለካው የወንዝ ወለል ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ስለዚህ ያልተቆፈረው ደለል በእኔ ወረቀት ላይ ተቆፍሮ ተወሰደ።

በልግ ሲገባ ወንዙ መታጠፊያው ላይ ወጣ። ሰው አልሞተም፣ ጌታ ይመስገን። የአቶ ጦና ሙዝ ግን ከእነ ፍሬው ጭቃ ለበሰ፤ የጎረቤቶቻቸውም እንዲሁ። ስደርስ አቶ ጦና ከጭቃው ላይ ብቅ ያሉትን ቅጠሎች እየነቀሉ ይከምሩ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና ሰላም አሉኝ። በሰላምታቸው ውስጥ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፣ እሱ ነው ያቃጠለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን የሚለቅሙት ግን እሳቸው ነበሩ።

ገበሬዎቹ አቤት አሉ፤ መርማሪዎች መጡ። ኃላፊው ተጠየቀ። «የድልድዩን ምልክት ያስቀቡት ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት አቶ ሳጎ ናቸው፣ ስህተት ካለ የእሳቸው ነው» አለ። ከተማው ይኼን በአንድ ቀን ሰማ። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ኮት የኖረ ሰው «ለካ እሱም ይበላ ነበር» ተባለ። እሁድ ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት እህት «ጋሽ ሳጎም?» አለችኝ። ጣቴ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝም ካልኩ ጥፋቱ በእሱ ላይ ይቀራል፤ ከተናገርኩ፣ ቀለሙ እርጥብ መሆኑን እያወቅሁ የፈረምኩ ሴት እኔው ነኝ።

ወደ ቤቱ ሄድኩ። ዓይኑ ደክሟል፣ ድምፄን ሰምቶ ነው ያወቀኝ። እንዳይጠይቀኝ እየፈራሁ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ አወራሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ድንጋዩ ጋ ተመልሰሽ ነበር?» አለ።

«ድንጋዩ የለም አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ማን አለ?»

ያው የአቶ ጦና ጥያቄ። ደግሞ ሳይጠይቀኝ ሻይ እንድጠጣ አዘዘኝ።

መርማሪዎቹ ድንጋዩ እንዲፈለግ ወሰኑ። ሽማግሌዎቹ «እንግዲያውስ በዱቡሻ ይሁን» አሉ። ዱቡሻ በጋሞ ሰው ተሰብስቦ ነገሩን የሚያይበት ሜዳ ነው፤ እዚያ ቆሞ መዋሸት ከባድ ነው። ጠዋት ሦስቱ ቤተሰቦች ሣር ይዘው መታጠፊያው ጋ ወረዱ። ጨንቻ ያለው ልጅም በአባቱ ፋንታ መጣ። ቆፈሩ። ድንጋዩ በቦታው፣ ቀጥ ብሎ፣ እንደተተከለ ተገኘ። ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ቀያሽ ለካው፤ ወደ መነሻውም ተመልሶ ዘጋ። የድንጋዩ ቁጥር ትክክል፣ የቀለሙ ስህተት ሆነ።

ከዚያ ወደ ሜዳው ወጣን። ሰው ተሰብስቦ ተቀመጠ። ኃላፊው ቆመና ቀለሙን ያስቀባው አቶ ሳጎ ነው ያለውን ደገመ። ጋሽ ሳጎ በልጁ ተደግፎ ከፊት ተቀምጧል፤ አገጩን በምርኩዙ ላይ አድርጎ ያዳምጣል።

ተነሳሁ።

«ቀለሙን ያሳየኝ ኃላፊው ነው» አልኩ። «ስነካው ጣቴ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ሳጎ ጡረታ ከወጣ ዓመት አልፎት ነበር። አዲስ መሆኑን አውቄያለሁ። አቶ ጦና አንድ ቀን ጠብቂ አሉኝ፣ አልጠበቅሁም። አውቄ ፈረምኩ።»

አቶ ጦና ተነሱ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «እኔ ያን ቀን ነግሬሽ ነበር» አሉ። «ዛሬ ሰማሽ። ጥሩ ነው።» ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ጋሽ ሳጎ ዞሩና፣ ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ስለ እኔ ቃል እንዲናገር ጠየቁት። «ዝናብ ነበር»፣ «አለቃ አስገድዷት ነው»፣ «ማንም ይሳሳታል»፤ ከእነዚህ አንዱን ቢል ይበቃኝ ነበር። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ።

«እኔ ብሆን እጠብቅ ነበር» አለና ተቀመጠ።

የሆነውን ላሳጥረው። እኔ ደመወዜ ተቀንሶ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ተቀመጥኩ፤ ይገባኛል። ኃላፊው ተዛወረ፤ ወደ ተሻለ ወንበር ነው ይባላል። አሸዋው ማን ቤት እንደገባ ተጠረጠረ፣ ተወራ፣ ፋይሉ ተዘጋ፤ ከዚያ በላይ የማውቀው ስለሌለ አልጨምርም። መታጠፊያው ግን በዚያው ዓመት በትክክል ተቆፈረ። አቶ ጦና ሙዝ እንደገና ተከሉ፤ ካፈራም ሰነበተ። ሁለቱ ዓመት ካለቀ በኋላ ወደ ሜዳ ሥራ መለሱኝ፣ እስከ ሰኔ ድረስም ሠራሁ።

ያን ቀን ከዱቡሻው ወደ ከተማ የመለሰችን የመሥሪያ ቤቱ መኪና ናት። ጋሽ ሳጎና እኔ ከኋላ ተቀመጥን፣ ልጁ ከሾፌሩ ጋር። እንባዬ ይወርዳል፣ ከሐዘኑ ይልቅ ግን ንዴቴ ይበልጣል። ስሙን ለማጥራት እንጀራዬን ሜዳ ላይ ጥዬ መጥቻለሁ፤ እሱ አንዲት ደግ ቃል ነፈገኝ።

«አንቱ» አልኩት። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። «አንቱ አንድ ቃል አይወጣዎትም ነበር? ለማያውቁት ሰው እንኳ አይዞህ ይላሉ።»

እጁን አንቀሳቅሶ እጄን ፈለገ፤ ዓይኑ ስለማያይ መጀመሪያ ጉልበቴን፣ ቀጥሎ ቦርሳዬን ነካ፣ በመጨረሻ አገኘው።

«ለማላውቀው ሰው ቢሆን አይዞህ ብዬ አልፍ ነበር» አለ። «አንቺ ግን ልጄ ነሽ። እውነቱን ለማን ልንገር?»

አርባ ምንጭ እስክንገባ እጄን አልለቀቀም።